የሊቀ መንበሩ እናት

በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ "አዎ" ብያለሁ። ለአለቃ ብያለሁ፣ ለቄስ ብያለሁ፣ ሚስቴ የጠየቀችኝን ሳልሰማ እንኳ "አዎ" ብዬ በኋላ ተጸጽቻለሁ። አንዷ "አዎ" ግን አንድ ሌሊት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ ተቀርቅራ ቆይታ፣ በጊፋታ ዕለት፣ በአባቴ ግቢ፣ ጎረቤት ሁሉ አፍ አፌን እያየኝ ወጣች። የማጫውታችሁ ስለ እሷ ነው።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ በንጉሡ ዘመን ነው። ጴጥሮስ እባላለሁ። የተወለድኩት ከሶዶ ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ፣ የዳሞታ ተራራ ከጓሮ በሚታይበት መንደር ነው። አባቴ ሻንካ የመንደሩ ጭቃ ሹም ነበሩ። ግብር የሚያስከፍሉ፣ የድንበር ጠብ የሚዳኙ፣ ባላባቱ ለእርሻው ጉልበት ሲፈልግ "ነገ ሁላችሁም መቆፈሪያችሁን ይዛችሁ ውጡ" ብለው የሚያዙ እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ ዱላ ይዤ ከዳር ቆሜ ማን እንደቀረ አይ ነበር። ክፉ ልጅ አልነበርኩም። እንዲያውም ሰው ወዳጅ ነበርኩ። አንዱ ለማዘዝ፣ ሌላው ለመታዘዝ መፈጠሩ ግን ዝናብ ከላይ ወደ ታች እንደ መውረዱ ያለ ነገር ይመስለኝ ነበር። ዝናብ ለምን ከላይ ይወርዳል ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አዲስ አበባ የገባሁት ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ስለነበር የአጎቴ ወዳጅ አንድ ማተሚያ ቤት አስቀጠረኝ። በመጀመሪያው ሳምንት የጭቃ ሹም ልጅ መሆኔን ለሦስት ሰዎች ነገርኩ። አንዱ "ጭቃ ምን?" አለኝ። ሁለተኛው መልስ ሳይሰጠኝ መጥረጊያ አቀበለኝ። ሦስተኛው ሉቃስ ነበር። ሳቅ አለና በቋንቋችን፣ በወላይትኛ፣ "አይዞህ፣ እዚህ ማንም የማንም ልጅ አይደለም፤ ትለምደዋለህ" አለኝ።

ሉቃስ ፊደል ለቃሚ ነበር። የእርሳስ ፊደሎችን ከሣጥን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ ግራውን ቀኝ አድርጎ የሚደረድር፣ እጁ ከዓይኔ የሚፈጥን ሰው። ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ጎሳውን ስጠይቀው የእኔኑ ጎሳ ጠራልኝ። "ወንድሜ ነሃ!" ብዬ አቀፍኩት። ጉለሌ አንድ ክፍል ተከራይተን ሁለት ዓመት አብረን ኖርን፣ ከአንድ ሳህን በላን፣ አንድ ካፖርት ተፈራርቀን ለበስን። በእናቱ ስም ሲምል እንጂ ስለ ቤተሰቡ ሲያወራ አልሰማሁትም። ሲጠየቅ "ሚሲዮን ያደግሁ ነኝ፣ ሶዶ" ይላል፤ በዚያው ያበቃል።

በሁለተኛው ዓመት ሠራተኛው ማኅበር አቋቋመና ሊቀ መንበር ይመረጥ ተባለ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሹመት የሚሰጠው ከላይ እንደሆነ ነበር የማውቀው። እዚያ ግን ቀለም የጠገበ ሽርጣችንን እንደለበስን ወረቀት በተከመረበት መጋዘን ውስጥ ቆመን፣ "ሉቃስን የምትመርጡ" ሲባል እጃችንን አወጣን። እኔ ሁለቱንም እጄን አውጥቼ አስቆጣሪው "አንዱን አውርድ" ብሎኛል። ሉቃስ በብዙ ድምፅ አለፈ። በዚያ ቀን እየዘለልኩ ነው ወደ ቤት የሄድኩት። የሻንካ ልጅ ሰው ሾመ! ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ እኩል ነው፣ ሹም በሕዝብ ይመረጥ፣ ገባርነት ይቅር የሚል ንግግር ከእኔ አፍ የማይጠፋ ሆነ። በቃ፣ የተለወጥኩ ሰው ነኝ ብዬ አመንኩ። ልብ በሉ፣ አመንኩ ነው ያልኩት።

መስከረም ሲጠባ ሉቃስን ለጊፋታ ወደ ቤታችን እንዲመጣ ጋበዝኩት። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ የተጣላ ሳይታረቅ፣ በሬም በየሰፈሩ ሳይታረድ አዲሱ ዓመት አይገባም። ሦስት ጊዜ እምቢ አለኝ። በአራተኛው "እሺ፣ የመጣው ይምጣ" አለ። "ምን ይመጣል? ሥጋ ነው የሚመጣው!" ብዬ ሳቅሁበት።

ሻሸመኔ አድረን በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሶዶ ደረስን። ከሶዶ በእግራችን መንገድ ጀመርን። ግማሽ ያህል እንደሄድን ከአንዲት ጅረት ዳር አረፍንና ዳቦ ለሁለት ገምሰን መብላት ጀመርን። ሉቃስ የራሱን ግማሽ ሳይነካ ቆየ።

"ጴጥሮስ፣ እናንተ ቤት ከመግባቴ በፊት ልትሰማው የሚገባ ነገር አለ" አለ።

"በል እንጂ።"

"እናቴ ባሎቴ ትባላለች። ሸክላ ሠሪ ናት።"

ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። በዚያ ዘመን በእኛ አገር ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ ፋቂና ብረት ቀጥቃጭ ከሌላው ሰው ጋር ከአንድ ገበታ አይበሉም፣ ከገበሬ ቤት ደፍ አያልፉም፣ አይጋቡም። ምግብ የሚሰጣቸው በእንሰት ቅጠል ነው፤ ዕቃ እንዳይነኩ። ጎሳቸው የሁላችንም ጎሳ ነው፤ ለዚህም ነው የሉቃስን ጎሳ ስሰማ ምንም ያልጠረጠርኩት።

እውነቱን ካልተናገርኩ መጻፌ ጥቅም የለውም። ያን ስሰማ መጀመሪያ ያየሁት ሉቃስን አይደለም። በእጄ ላይ ያለውን ዳቦ ነው። ሁለት ዓመት ከአንድ ሳህን የበላሁ፣ ሁለት እጄን አውጥቼ የመረጥኩት፣ ለእኩልነት ጉሮሮዬ እስኪደርቅ የተሟገትኩ ሰውዬ፣ ዳቦዬን አየሁ። እሱም ማየቴን አየ።

"ብላው ወይም ጣለው" አለኝ ቀስ ብሎ። "እኔ አልከፋም።"

በላሁት። ግን አልጣፈጠኝም፤ ያም በጣም አሳፈረኝ። ከዚያ ደግሞ የባሰውን ነገር አስታወስኩ። "ባሎቴ? ያቺ ድስት የምታመጣልን ባሎቴ?"

"እሷው። የቤታችሁን ቦታና የአባትህን ስም ስትነግረኝ ነው ያወቅሁት። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ አንድ ወንጌላዊ ለትምህርት ወደ ሶዶ ወሰደኝ። አሁን ካየኋት አራት ዓመት አለፈኝ።"

ባሎቴ እናቴ ዘንድ ለሃያ ዓመት ያህል ድስት ስታመጣ ኖራለች። ልጅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ሸክላ ሠሪ ልጅ ይኑራት አይኑራት ብሎ በእኛ ቤት የጠየቀ የለም።

"ስማኝ" አልኩት፤ ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። "በዓሉ ሁለት ቀን ነው። ለማንም አትናገር። አባቴ ሹም ናቸው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል። ከዓውደ ዓመቱ በኋላ እናትህ ዘንድ በሌላ መንገድ እወስድሃለሁ።"

ሉቃስ ያልነካውን ዳቦ በመሐረብ ጠቀለለ። "ዝም በል ካልከኝ ዝም እላለሁ። እንግዳህ ነኝ። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ እወቅልኝ፤ እናቴ ዓይኔ ፊት ከመጣች አልክዳትም።"

"በዓል ቀን አትመጣም" አልኩት። ዋሸሁ። በጊፋታ ዕለት ባሎቴ አዲስ ድስት ይዛ ከአጥሩ ውጭ እንደምትቆምና የሥጋ ድርሻዋ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ እንደሚሰጣት ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው።

ቤት ስንደርስ አባቴ እንደ መኳንንት ነበር የተቀበሉን። እናቴ የአዲስ አበባ ሰው በአማርኛ ካልተናገሩት የሚከፋው መስሏት፣ ያለ የሌለ አማርኛዋን አሰባስባ "ሉቃስ፣ ግቢ፣ ቁጭ በዪ፣ ደክሞሻል" እያለች እጁን ልታስታጥበው ቀረበች። ሉቃስ በወላይትኛ ሲያመሰግናት ግን አማርኛዋን ተወች። የዘረጋውን እጅ አየች፤ ቀጥሎ ፊቱን አየች። ውሃው ከማስታጠቢያው ውጭ ፈሰሰ። "እርጅና" ብላ ሳቀችና ወደ ጓዳ ገባች።

አባቴን የማረካቸው ሹመቱ ነው። "ሊቀ መንበር ነህ አሉኝ። ማን ሾመህ?"

"ሠራተኛው ነው አባቴ።"

"ከሥርህ ያለው ሰው ማለት ነው?"

"አዎ።"

"ካላማርካቸውስ?"

"በዓመቱ ይሽሩኛል።"

አባቴ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። "እንዲህ ያለውን ሹመት ለጠላቴም አልመኝለት! ሰው ሁሉ አለቃህ ነው ማለት ነው!" እያሉ ደጋግመው ጠየቁት፤ እጅ እንዴት እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚቆጥር፣ የተሸነፈው ይቀየም እንደሆነ ሁሉ። ሉቃስን ወደዱት። እኔ ግን በወደዱት ቁጥር ወሬውን ወደ ሌላ እመራ ነበር።

እሑድ ጠዋት ጎረቤቱ በግቢያችን ተሰበሰበ። በሬው ታርዶ ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ ተከምሯል፤ ድርሻው ገና አልተደለደለም። ሴቶቹ ቆጮውን በቅቤ ያሻሉ፣ ዳጣ የሚባለው የቃሪያ ማባያ ይፈጫል፣ ልጃገረዶች ይጨፍራሉ። እኔ ብቻ ዓይኔ ከአጥሩ በር አይነቀልም። አቶ ባሳ የሚባሉ ጎረቤታችን "ይሄ ልጅ አዲስ አበባ ዕዳ ጥሎ መጥቷል መሰለኝ፣ በሩን ብቻ ያያል" ብለው አሳቁብኝ። አቶ ባሳ ምላሳቸው የተሳለ፣ ጭቃ ሹምነቱ ከአባቴ ይልቅ ለእሳቸው ይገባ እንደነበር በየዓመቱ የሚያሳስቡ ሰው ናቸው።

ከዚያ አባቴ ጠላ መሰሉን ቦርዴ የሞላ ቅል አንስተው ተነሡ። በእኛ አገር ሁለት ሰዎች ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ከአንድ ቅል በአንድ ጊዜ ከጠጡ ወዳጅነታቸው ታተመ ማለት ነው። ከእንግዲህ አንዱ የሌላውን ክፉ አያይም። አባቴ ይህን ከማንም ጋር አያደርጉም። እንዲያውም ከአቶ ባሳ ጋር አድርገው አያውቁም።

"ሉቃስ፣ ተነሣ" አሉ።

ሉቃስ ወደ እኔ ተመለከተ። ሁሉንም በዚያ አስተያየቱ ጠየቀኝ፤ ልጠጣ? ልንገራቸው? አንተ ትነግራቸዋለህ? እኔ ሥጋውን ማየት ጀመርኩ። ሉቃስ ተነሣ። ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ጠጡ። ቦርዴው በሁለቱም አገጭ ወረደ፤ ግቢው በእልልታ ተሞላ።

እልልታው ሳይበርድ ነው ከአጥሩ ውጭ ድምፅ የተሰማው። "ሳሮ! እንኳን ለጊፋታ አደረሳችሁ፣ እመቤቴ!"

ባሎቴ ነበረች። ሦስት ድስት በጀርባዋ አዝላ፣ ጎንበስ ብላ ቆማለች። ቀና ስትል ዓይኗ ቀጥ ብሎ ሉቃስ ላይ ዐረፈ፤ ከጭቃ ሹሙ አጠገብ፣ አገጩ ቦርዴ እንደነካ። አንድ ጊዜ ብቻ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ወዲያው አንገቷን ደፋች።

"ድስቱን እዚህ አስቀምጬላችኋለሁ" አለች። ድስቶቹን አውርዳ፣ ድርሻዋን ሳትጠብቅ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

ሉቃስ ግቢውን በረጅም እርምጃ አቋርጦ ወጣ። ደረሰባትና ጉልበቷ ላይ ወደቀ። "አዬ" አለ፤ እናቴ ማለት ነው።

"ተሳስተሃል ልጄ" አለች ባሎቴ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። "ሰው መስዬህ ነው። እኔ አላውቅህም። ተመለስ፣ እንግዳ ነህ፣ ሥጋው ይቀርብሃል።" እንዲህ እያለች የኮቱን እጅጌ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ አትለቀውም ነበር።

ጭፈራው ቆመ። አቶ ባሳ ሊነሡ ሲሉ ገና ነገሩ ምን እንደሚመስል ገባኝ።

"ጭቃ ሹም" አሉ፣ "ከማን ጋር እንደጠጣህ አየህ?"

አባቴ ቅሉን እንደያዙ ቀርተዋል።

"ልጁ አታሎሃል። ያለ ቦታው ገብቶ፣ ጉንጭህን ነክቶ አዋርዶሃል። ይውጣ። አንተም በግ አርደህ ንጻ። ያለዚያ ከዚህ በሬ የሚበላ የለም፤ ከእንግዲህም ቤትህ የሚገባ አይኖርም።"

ሁለት ሦስት ሰዎች አጉረመረሙ። አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። በሕይወቴ እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም፤ ትልቅ ሰው እንደሚያይ ነው ያዩኝ።

"ጴጥሮስ፣ ታውቅ ነበር?"

እነሆ ጥያቄው። "አላውቅም" ብል ማንም አይጠረጥረኝም ነበር። እኔም እሳቸውም የተታለልን እንሆናለን፣ ሉቃስ አታላይ ተብሎ በአጥሩ በኩል ይሄዳል፣ ሥጋውም ይደለደላል። አንዲት ቃል ናት። ሉቃስ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ያየኛል፤ ቃል ስለ ሰጠኝ፣ ብዋሽበት እንኳ እንደማያጋልጠኝ አውቃለሁ።

"አዎ" አልኩ። "አውቅ ነበር። እሱ ልናገር ብሎኝ ነበር። ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ። ያታለልኩህም እኔ ነኝ፣ አዋ።" አዋ አባት ማለት ነው፤ ከልጅነቴ ወዲህ በሰው ፊት ብዬው አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን እንደሚመጣ እየጠበቅሁ ሳለ ከጓዳው በር ላይ የእናቴ ድምፅ መጣ።

"እኔም አውቅ ነበር" አለች።

ሁሉም ዞረ።

"ትናንት እጁን ሳስታጥበው ነው ያወቅሁት። የባሎቴን እጅ ሃያ ዓመት ሳየው ኖሬአለሁ፤ አውራ ጣቷ ወደ ውጭ ይጎብጣል፣ የሱም ይጎብጣል። ፊቱማ ቁርጥ እሷን ነው። አውቄ ነው ያበላሁት።"

አባቴ እኔን አዩ፣ እናቴን አዩ፣ ቅሉን አዩ። "እንግዲያው በዚህ ቤት ውስጥ የማያውቀው ጭቃ ሹሙ ብቻ ነው" አሉ።

አንድ ሰው አፍኖ ሳቀ። ሌላውም ተከተለ። አቶ ባሳ ግን አልሳቁም። "ይሄ የሳቅ ነገር አይደለም። ፍርድ ስጥ።"

"ባሳ፣ እኔን የሾመኝ ማን ነው?" አሉ አባቴ።

"መንግሥት ነዋ።"

"አንተን ጠይቆህ ነበር?"

"ቢጠይቀኝማ እኔ እሆን ነበር።"

"እውነትህን ነው። እንግዲያው ዛሬ ልጠይቃችሁ። አዲስ አበባ እንዲህ ነው የሚደረገው አሉ።" ደረታቸውን ነፉ፤ ሁኔታቸው ነገሩን እሳቸው የፈጠሩት ይመስል ነበር። "ባሎቴና ልጇ ይግቡ የምትሉ እጃችሁን አውጡ። ቆጣሪው ጴጥሮስ ነው።"

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። አንድ ሁለት እጅ ፈራ ተባ እያለ መውጣት ጀመረ። እኔም ደስ ብሎኝ መቁጠር ልጀምር ስል ሉቃስ ከአጥሩ ውጭ ተናገረ።

"አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እጃችሁን አውርዱ።"

"ለምን? አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ?"

"እኔ ሊቀ መንበር ልሁን አልሁን ድምፅ ተሰጥቶበታል፤ ነገም ይሽሩኝ ይሆናል። እናቴ ሰው ናት አይደለችም በሚለው ላይ ግን እጅ አይወጣም። ሁላችሁም ብታወጡ አልቀበልም፤ አንዳችሁም ባታወጡ ደግሞ ሰው መሆኗ አይቀርም።"

የወጡት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ። አባቴ ጺማቸውን ያሻሹ ጀመር። ድምፅ ማሰጠቱን ወደውት ስለነበር ትንሽ ቅር ብሏቸዋል።

"ታዲያ ምን ይደረግ?" አሉ በመጨረሻ።

"ምንም አይደረግም። በሩ ክፍት ነው" አለ ሉቃስ።

እናቴ ይህን ሁሉ ክርክር ትታ አጥሩ ዘንድ ደርሳለች። አንዱን ድስት አቀፈች፣ በአንድ እጇ ደግሞ የባሎቴን ክንድ ያዘች። ባሎቴ እግሯን ተክላ እምቢ አለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ያላለፈችው በር ነው።

"ይቅርብኝ እመቤቴ። ዕቃሽን አልነካም።"

"ዕቃዬን?" አለች እናቴ። "የትኛውን ዕቃዬን ነው ያልነካሽው?"

ባሎቴ ቆም አለች። አየኋት፤ ፊቷ ላይ አንድ ነገር መፍታታት ጀመረ። ግቢውን በዓይኗ ዞረች፤ ወጡ የተጣደበትን ድስት፣ ቅቤው የቀለጠበትን፣ ዳጣው ያለበትን ወጭት፣ የቦርዴውን ጋን።

"እሱስ እውነትሽን ነው" አለች። "ጭቃውን በእግሬ የረገጥኩት እኔ፣ በምራቄ ያለሰለስኩት እኔ። አቶ ባሳም ቢሆኑ እኮ እስከ ዛሬ የሚበሉት ከእጄ ነው።"

የፈነዳውን ሳቅ እንዴት ብዬ ልግለጸው? ሽማግሌዎች መቋሚያቸውን ለቀው ሳቁ። ሴቶቹ እልል አሉ። ባሎቴ ራሷ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች፤ እየሳቀችም ሳታስበው ከደፉ ወዲህ አለፈች። አባቴ ቅሉን ሞልተው ጠበቋት። "የልጅሽ ተጠጥቷል፤ ያንቺ ቀርቷል" አሉ። አቶ ባሳና ሌሎች ሁለት ሰዎች ተነሥተው ሄዱ። የቀሩት ግን ቀሩ። ስለ ሰው ልጅ እኩልነት አስበው ነው ወይስ ሥጋው ስላልተደለደለ፣ አላጣራሁም። ባሎቴ ከልጇ አጠገብ ተቀምጣ ከእናቴ ገበታ በላች። በየጉርሻው መሀል የሉቃስን ፊት በእጇ እየነካች ታረጋግጥ ነበር። እኔ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ወደ ጓሮ ሄጄ፣ እንሰቱ መሀል ቆሜ ብቻዬን አለቀስኩ። ስመለስ ሉቃስ ዳጣ የተነከረ ሥጋ አጎረሰኝ፤ እንባዬን በዳጣው አመካኘሁ።

በማግስቱ የአቶ ባሳ ሚስት መጥታ የቤታቸውን የሥጋ ድርሻ ወሰደች። እግረ መንገዷንም ባሎቴን አንድ ትልቅ የወጥ ድስት አዘዘቻት።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ "ከተማ ምን ለወጠህ?" ብላችሁ ብትጠይቁኝ የምመልሰው ይህንን ነው። አዲስ አበባ ቃላቱን ሰጠችኝ። እኩልነት፣ ምርጫ፣ መብት የሚሉትን ከሉቃስ ጋር በእርሳስ ፊደል ስደረድር ኖሬአለሁ። ሰው ግን አዲስ ሐሳብ የሚይዘው በሚማርበት ቦታ ብቻ አይመስለኝም፤ ሐሳቡ ከአባቱ ፊት፣ ከጎረቤቱ ፊት ቆሞ ሲጠየቅ ነው የራሱ የሚሆነው። ወደ ከተማ ሄዳችሁ ተለውጠን መጣን የምትሉ ካላችሁ፣ ቤታችሁ ስትገቡ ማንን ከበር ውጭ እንዳቆማችሁ እስቲ ዘወር ብላችሁ እዩ። እኔ የቆመችውን ሃያ ዓመት አላየኋትም።

መንደራችን በአንድ ቀን ገነት ሆነ አልላችሁም። ባላባቱ ባላባት ሆኖ ቀጠለ፣ አባቴም ጭቃ ሹም። ብቻ ከዚያ ዓመት ጀምሮ አባቴ ሰዉን ለሥራ ከመጥራታቸው በፊት "የትኛው ቀን ይመቻችኋል?" ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ትንሽ ነገር ናት። ባላባቱ ሲሰማ "ይሄ ሰውዬ አረጀ" ብሏል አሉ።

በዓመቱ ለጊፋታ እንደገና አገሬ ገባሁ። ገና ከግቢው በር ስደርስ ከማድ ቤት ጩኸት ሰማሁ፤ ሁለት ሴቶች ይጨቃጨቃሉ። ደንግጬ ሻንጣዬን ጣልኩና ሮጥኩ። አባቴ ጥላ ሥር ተቀምጠው "ወዴት ነው? ተዋቸው" አሉኝ።

በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። እናቴ የተሰነጠቀ ድስት አንስታ ባሎቴ አፍንጫ ሥር ይዛዋለች። "ጭቃሽ ክፉ ነው፤ ዓመት እንኳ አልቆየም!"

"ጭቃዬ ምን ሆነ?" አለች ባሎቴ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። "በደንብ ሳታሟሺው እሳት ላይ ጥደሽ ነው! ድስት መያዝ የማታውቂ ሴትዮ!"

ሃያ ዓመት ከአጥር ውጭ ቆማ "እሺ እመቤቴ" ስትል የኖረች ሴት ናት። እናቴ መለሰችላት፤ ባሎቴ ከእሷ በላይ ጮኸች። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነበር፤ እኔም የሚገላግል እንዳይመጣ በሩን ዘጋሁላቸው።